ቅዳሜን መዝጋት ስንት ያስከፍላል?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የሥራ ቀን ይቀነስ በተባለ ቁጥር ከአሠሪዎች የምንሰማው «ሠራተኛው ይሰንፋል» የሚል ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ለምናሰላ ሰዎች ግን የሚያሳስበው ሒሳቡ ነው።

ያንኑ ሰዓት በጥቂት ቀን መጨረስና ሰዓቱን ራሱን መቀነስ ለየቅል ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድባል። የሥራው ጠባይ ሲጠይቅ የአንዱን ቀን ሰዓት ለሌሎቹ መደልደል ይቻላል፤ ጭማሪው ግን በቀን ከ2 ሰዓት አይበልጥም። ስለዚህ 48 ሰዓትን በ4 ቀን ልጨርስ ያለ አሠሪ በቀን 12 ሰዓት ይመጣበታል፤ ሕጉ አይፈቅድለትም። በ5 ቀን 9 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው፣ ይቻላል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ድርጅት (44 ሰዓት) ደግሞ በቀን 48 ደቂቃ ብቻ ጨምሮ ቅዳሜን ይዘጋል። ለ4 ሰዓት ሥራ ሰርቪስ የሚያሰማራ አሠሪ ይህን ለምን እንደማያሰላ አይገባንም።

ሰዓቱ ራሱ ሲቀነስ ነገሩ ይከብዳል። ደመወዝ ሳይነካ ከ48 ወደ 40 ሲወረድ የወሩ ሰዓት ከ208 ወደ 173 ግድም ይወርዳል። የ10,000 ብር ደሞዝተኛ የአንድ ሰዓት ዋጋ ከ48 ወደ 58 ብር፣ በቀን የሚሠራው አንድ የትርፍ ሰዓት (በ1.5 ተባዝቶ) ከ72 ወደ 87 ብር ገደማ ይወጣል። አሠራሩ ሳይስተካከል የጎደለውን ሰዓት በትርፍ ሰዓት የሚሞላ ድርጅት የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። የዓመት ፈቃድንም ብዙዎች ይረሱታል። ሕጉ የሚቆጥረው በሥራ ቀን ስለሆነ፣ በ6 ቀን ሳምንት ሦስት ሳምንት የማይሞላው 16 ቀን በ4 ቀን ሳምንት ድፍን አራት ሳምንት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2022 በብሪታንያ ደመወዝ ሳይቀነስ የ4 ቀን ሳምንት ሙከራ ከጀመሩት 61 ድርጅቶች 56ቱ መቀጠላቸው እዚህም ይጠቀሳል። ቢሮ ስብሰባ ሰርዞ ሰዓት ያተርፋል፤ የስፌት መስመር ግን ምን ይሰርዛል? ፋብሪካ ሰዓት የሚያገኘው ከማሽን ብልሽት፣ ከጨርቅ መዘግየትና ከመብራት መጥፋት ላይ ነው። እንግዲህ ለአንድ ወር መስመሩ የቆመበትን ደቂቃ ከነምክንያቱ ይመዝግብ። ከዚህ ሊመለስ የሚችለው ጊዜ ከ48 ወደ 40 ሲወረድ የሚጎድለውን በሳምንት 8 ሰዓት ካልሞላ፣ 48ቱን በ5 ቀን መደልደል ይሻለዋል።

ያኔም የመውጫ ሰዓት ይታሰብበት። ጠዋት 2:00 ገብቶ አንድ ሰዓት ምሳ የሚወጣ ሠራተኛ የሚለቀቀው 12:36 ላይ ነው፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ ይመሽበታል። መግቢያው 1:30፣ ምሳው ግማሽ ሰዓት ቢሆን 11:36 ይወጣል። ድልድሉም በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ይጻፍ፤ በቃል ከቀረ በየቀኑ የተጨመረው 96 ደቂቃ አንድ ቀን የትርፍ ሰዓት ክስ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያዎች
አዲስ አበባ