ለአንድ ፎቶ ሰባት ሴኮንድ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሙት ዓመት ሲደርስ ወይም ልጅ ሲዳር ከቤተሰብ አሮጌ ፎቶዎች አጭር የትዝታ ፊልም ማሠራት በሰሜን ሸዋ ከተሞች እየተለመደ መጥቷል። ደስ የሚል ልማድ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት በየድንኳኑ የሚታዩት ፊልሞች ግን አብዛኞቹ አንድ በሽታ አለባቸው፤ ይሮጣሉ። 150 ፎቶ በአንድ የ4 ደቂቃ ዘፈን ውስጥ ይታጨቃል። ቢካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 1.6 ሴኮንድ ነው። ተመልካቹ «ይቺ ማናት?» ብሎ ሳይጨርስ ፎቶው አልፏል። በዚያ ላይ የሚሽከረከር ልብ፣ የሚበተን ኮከብ፣ እንደ መጽሐፍ የሚገለበጥ ገጽ ይጨመርበታል። ያረፉ እናት በሚሽከረከር ልብ ውስጥ ገብተው ሲወጡ ማየት ልብ ይሰብራል። ሥራው በትንሽ መሣሪያ በክብር ሊሠራ ስለሚችል ዝርዝሩን ለአንባቢዎቻችሁ እንድታደርሱልን ጽፈናል።

ከቁጥሩ እንጀምር። ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ለሚሆን ፊልም ከ30 እስከ 40 ፎቶ ይበቃል። አንድ ሰው ብቻ ያለበት ፎቶ 6 ወይም 7 ሴኮንድ ይቁም። የሰርግ ወይም የማኅበር ፎቶ ከሆነ ዓይን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እየዞረ የሚያውቀውን ስለሚፈልግ ከ10 እስከ 12 ሴኮንድ ያስፈልገዋል። ሒሳቡ ላይ ጀማሪዎች የሚስቱት ነገር አለ። 35 ፎቶ በ7 ሴኮንድ ሲባዛ 245 ሴኮንድ ነው። አንዱ እየደበዘዘ ሌላው በላዩ ሲገባ ግን ሁለቱ ለ1.5 ሴኮንድ ያህል ይደራረባሉ፤ 34ቱ መሸጋገሪያዎች 51 ሴኮንድ ይበላሉ። የሚቀረው 194 ሴኮንድ፣ ማለትም 3 ደቂቃ ከ14 ሴኮንድ ነው። ይህን ሳያስብ ድምፁን በ4 ደቂቃ ያዘጋጀ ሰው መጨረሻ ላይ ፎቶ ያልቅበትና ያልመረጠውን ሁሉ ይሰገስጋል።

ፎቶው ከግድግዳ ሲወርድ የሚደርስበት ጉዳት ከኮምፒውተር ስህተት ይብሳል። በደጋው፣ በመንዝና በአንኮበር በኩል፣ ቤት ውስጥ እሳት ብዙ ስለሚነድ ፎቶ ጭስ ይጠጣል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ እርጥበት ይይዘዋል። ከፎቶው ፊት ላይ ያለው ስስ ጄላቲን እርጥበት ሲያገኝ ያብጥና ከፍሬሙ መስታወት ጋር ይጣበቃል። ይህን ማንም አያላቅቀው። ቢላቀቅ የሰውየው ፊት መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ስካን ይደረግ። ገጹ ሙጫ የተቀባ፣ በላዩ ላስቲክ የሚሸፈንበት አልበምም አደገኛ ነው፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ይደርቅና ፎቶውን ከጀርባው ይይዘዋል። በጥፍር ወይም በቢላ ከመታገል ሰም የሌለው የጥርስ ክር፣ እሱ ከታጣም ቀጭንና ጠንካራ የስፌት ክር ከፎቶው ሥር አስገብቶ እንደ መጋዝ ቀስ እያሉ ወዲያ ወዲህ መሳብ ነው። ጥላሸት በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር ይጠረጋል። ውኃ፣ ምራቅና አልኮል ወደ ፎቶው አይቅረቡ።

ጀርባውም ይታይ። ከሩቅ በፖስታ ይላኩ በነበሩ ጉርድ ፎቶዎች ጀርባ ላይ «ለማስታወሻ» የሚል ጽሑፍ፣ ቀን፣ አንዳንዴም የፎቶ ቤቱ ማኅተም ይገኛል። ይህ የእጅ ጽሑፍ በፊልሙ ውስጥ ለ5 ሴኮንድ ቢቆም ኮምፒውተር ከሚጽፈው ርዕስ ሁሉ ይበልጣል። እስክሪብቶው ከጀርባ ተጭኖ ፊት ለፊት ያወጣውን ስስ መስመር እንደ ጭረት ቆጥረው የሚያጠፉ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት።

ስካን ሲደረግ 3 በ4 ሳንቲሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ቢነበብ የሚያወጣው 354 በ472 ፒክስል ብቻ ነው። ፊልሙ የሚሠራው በ1920 በ1080 ስለሆነ ሲለጠጥ ፊቱ ይፈርሳል። በ1200 ዲፒአይ ሲነበብ 1417 በ1890 ይሰጣል፤ ያ ያዋጣል። ለ10 በ15 ፎቶ 600 ዲፒአይ ይበቃል፣ 2362 በ3543 ፒክስል ይወጣዋል። የ35 ሚሊሜትር ኔጌቲቩ ከተገኘ ከታተመው ፎቶ ይሻላል፤ ቢያንስ 2400 ዲፒአይና ከክዳኑ በኩል የሚያበራ ስካነር ይፈልጋል። ፋይሉ ጥራት በማያጎድለው የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ፣ ይቀመጥ። ጄፔግ እየተስተካከለ በድጋሚ በተቀመጠ ቁጥር ከጥራቱ ይጎድላል።

ስካነር ከሌለ ስልክም ይሠራል፣ ፍላሽ ጠፍቶ። ፎቶው በመስኮት አጠገብ ወይም በጥላ ግቢ ውስጥ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ብርሃን ከጎን ይምጣለት። የደብረ ብርሃን ደመናማ ጠዋት ለዚህ ከስቱዲዮ መብራት አያንስም። ስልኩ ከፎቶው ጋር ትይዩ ካልሆነ አንዱ ጎን ሰፍቶ ሌላው ይጠባል። በጣም ቀርቦ ከማንሳት ራቅ ብሎ 2 እጥፍ ማቅረብ ይሻላል፤ ሰፊው ሌንስ ጠርዙን ያጎብጠዋልና። ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው አንጸባራቂ ፎቶ ላይ ሲጎነበስ ነጠላው ፎቶው ላይ ይታያል። ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ የተበጀለት ጥቁር ካርቶን በስልኩና በፎቶው መሐል ቢያዝ ነጸብራቁ ይጠፋል።

በቀለም የታተሙት አሮጌዎቹ ፎቶዎች ብዙዎቹ ቀልተዋል። ሳያን የሚባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚደበዝዝ ነው። ለማስተካከል በፎቶው ውስጥ ነጭ መሆኑን በእርግጥ የምናውቀውን ነገር፣ ነጠላውን ወይም ጋቢውን፣ እንደ መለኪያ መያዝና ቀዩን እያዩ መቀነስ ነው። ነጠላው ፍጹም ነጭ እስኪሆን ድረስ ከተሄደ ግን የሰዎቹ ቆዳ አመድ ይመስላል። ትንሽ ሙቀት ይቅርበት። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቡናማ ቀለም መድፋትም ሆነ የሲኒማ ጭረት መጨመር አያስፈልግም። ጭረቱ በማጫወቻ ማሽን ውስጥ የሚያልፍ ፊልም ጠባሳ ነው፤ በኪስ ቦርሳ የኖረ ፎቶ ያለው የእጥፋት መስመር ነው፣ እሱም የራሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ድምፅ ከምስል ይቀድማል። ብዙዎች ፎቶውን ደርድረው ሲያበቁ ዘፈን ይደርቡበታል። በተቃራኒው ቢሠራ ፊልሙ ሌላ ይሆናል። መጀመሪያ የቤቱ አዛውንት ይቀዱ። ፎቶ በእጃቸው ሰጥቶ «እማማ፣ ስለ ሕይወትዎ ይንገሩን» ቢሏቸው መልሱ «ምን አለ ብለህ ነው ልጄ» ሆኖ ያልቃል። «እማማ፣ ይህ ከኋላ የሚታየው የማን ቤት ነው?» ሲባሉ ግን ቤቱ፣ ባለቤቱ፣ ያን ዕለት የጣለው ዝናብ፣ ለፎቶው ቀሚስ ያዋሰችው ጎረቤት ሁሉ ይመጣል። ጥያቄው ከፎቶው ጠርዝ ይነሣ፤ ጫማው፣ ከኋላ የተሰቀለው ባለ ሥዕል መጋረጃ፣ እንዲታይ ተብሎ ወደ ፊት የተዘረጋው ሰዓት።

ስልኩ በአውሮፕላን ሁኔታ ላይ ሆኖ ከአፋቸው ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር፣ ትንፋሽ እንዳይመታው ወደ ጎን ዘወር ብሎ ይቀመጥ። ጠረጴዛው ላይ ጋቢ ቢነጠፍ የክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል። ማቀዝቀዣው ለጊዜው ይነቀል፤ ጆሮ የለመደው የሞተሩ ድምፅ በቀረጻው ላይ ጎልቶ ይሰማል። ውጭ ከተቀዳ የደጋው ነፋስ ማይኩን ስለሚያንጓጓው በስፖንጅ መሸፈን ያስፈልጋል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ዝም ብሎ 1 ደቂቃ ይቀዳ። ይህ የክፍሉ ዝምታ በኤዲቲንግ ጊዜ በንግግር መሐል የተቆረጠውን ቦታ ይደፍናል፤ ያለ እሱ ድምፁ በየመሐሉ ጉድጓድ እንደገባ ያህል ይጠፋል።

ከዚያ ፎቶው በድምፁ ላይ ይደረደራል። ቃሉና ፎቶው እኩል ከመጡ የትምህርት ቤት ሥዕላዊ መጽሐፍ ይመስላል። ፎቶው ከቃሉ 1 ወይም 2 ሴኮንድ ቢቀድም ተመልካቹ በራሱ ዓይን ያገኘውን ቃሉ ያረጋግጥለታል።

ፎቶን ቀስ አድርጎ ማቅረብና ማንሸራተት በብዙ ሶፍትዌር ውስጥ በአሜሪካዊው የዘጋቢ ፊልም ባለሙያ በኬን በርንስ ስም ይጠራል። ልኩ ከ100 ወደ 106 በመቶ በ8 ሴኮንድ ነው፣ ከዚያ አይለፍ። ሲነሣና ሲቆም ለስልሶ ይሁን፤ ድንገት የሚነሣ እንቅስቃሴ ዓይን ይነቀንቃል። ወደ ዓይን ወይም ወደ እጅ ይቅረብ እንጂ ወደ ሆድ አይሂድ። አንዱን እያቀረቡ ቀጣዩን ማራቅ፣ እንደገና ማቅረብ፣ ሰውን ያዞራል። ከሦስት ፎቶ አንዱ ጨርሶ ባይንቀሳቀስ ሌሎቹ ይጎላሉ። የቀሚስ ጥልፍ ያለበት ፎቶ ሲቀርብ ጥልፉ እንደ ትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ምክንያቱ ፎቶው ከሚያስፈልገው በላይ ግዙፍ ሆኖ በስክሪኑ መጠን ሲጨመቅ ጥቃቅን መስመሮቹ በእያንዳንዱ የቪዲዮ ምስል ቦታ መሳታቸው ነው። ፎቶውን አስቀድሞ ከሚያስፈልገው 1.5 እጥፍ በማይበልጥ መጠን ማሳነስ ወይም ግማሽ ፒክስል ያህል ማለስለስ ይፈውሰዋል።

መሸጋገሪያው ከ1 እስከ 2 ሴኮንድ የሚፈጅ መደብዘዝ ብቻ ይሁን። እሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለት ፊት በዘፈቀደ ሲደራረብ በመሐል ማንንም የማይመስል፣ አራት ዓይን ያለው ሦስተኛ ፊት ይወለዳል። መፍትሔው ዓይንን በዓይን ላይ ማስቀመጥ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ የተነሡትን ጉርድ ፎቶና የ60 ዓመቱን ፎቶ ወስዶ መጠናቸውንና ቦታቸውን ሁለቱ ብሌኖች እስኪገጥሙ ድረስ ማስተካከል፣ ከዚያ በ2 ሴኮንድ ማሸጋገር። ጉንጩ ይሟሽሻል፣ ፀጉሩ ይነጣል፣ ዓይኑ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። በአንድ ፊልም ውስጥ ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራ፤ ሲደጋገም ጥበብነቱ ቀርቶ ጨዋታ ይሆናል።

የቁም ፎቶ ሲሆን ግራና ቀኙ ባዶ ይቀራል። ያንኑ ፎቶ አስፍተውና አደብዝዘው ከጀርባው የሚሞሉት ብዙ ናቸው፤ ዓይን ይሻማል። ጥቁር ይሻላል። ከዚያም የሚሻለው የቤቱን ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሱን፣ ዘርግቶ በጎን ብርሃን በስልክ ማንሣትና ፎቶውን በላዩ ማስቀመጥ ነው። የሱፉ ጥቁር ቡናማና ሻካራ ፊት ፎቶውን አይጫነውም፤ የመንዝ ሰው ደግሞ ባናውን ሲያይ ቤቱን ያያል።

የሟቾችን ዓይን እያርገበገቡ፣ ፈገግ እያስባሉ የሚያሳዩ የስልክ መተግበሪያዎች አሁን መጥተዋል። እኛ አንጠቀምባቸውም፣ ደንበኛንም አንመክርም። ማሽኑ የእናትየዋን ፈገግታ አያውቀውም፤ ከሌሎች ሰዎች የተማረውን ይለጥፍባታል። ቤተሰቡም ያንን አይቶ እውነተኛው ፈገግታዋ ይምታታበታል።

ዘፈን ከፈለጋችሁ የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ መውሰድ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ መሆኑን አትርሱ። በትዝታ ቅኝት ዋሽንት የሚነፋ ወይም ክራር የሚመታ የሰፈር ልጅ አስቀርጾ መጠቀም ይቻላል፤ ለሙት ዓመት በገና ይስማማል። ሰው ሲናገር ሙዚቃው ከንግግሩ ቢያንስ 15 ዴሲቤል ይውረድ። ግማሹን ፊልም ያለ ሙዚቃ መተውም ይቻላል። በጎጆ ፎቶ ሥር ሙቀጫ ሲወቀጥ፣ በሴቶች ፎቶ ሥር ቡና ምጣድ ላይ ሲንጣጣ ቢሰማ ፎቶው የተንቀሳቀሰ ያህል ይሆናል።

ጽሑፉ ባዶ ካሬ ሆኖ ከወጣ ፎንቱ የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው፤ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ይጫን። ፊልሙ በድንኳን ውስጥ በቀን ብርሃን ስለሚታይ በጨለማ ክፍል የተስተካከለ ጥላ እዚያ ጥቁር ድፍን ይሆናል፤ አስቀድሞ በሚታይበት ቴሌቪዥን ይሞከር። ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ አገር ዘመድ በቴሌግራም የሚልከው ፎቶ «እንደ ፋይል» ይላክ፣ አለዚያ ተጨምቆ ይደርሳል። 40 የ10 በ15 ፎቶ በቲፍ 1 ጊጋባይት ያህል ነው፤ ሁለት ፍላሽ ላይ ይገለበጥና አንደኛው ሌላ ከተማ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያየነው ነው፤ ቤት ሲነድ አልበሙም አብሮ ይነዳል።

የመጨረሻው ፎቶ 12 ሴኮንድ ይቁም። ምስሉ ወደ ጥቁር ከገባ በኋላም የክፍሉ ዝምታ ለ4 ሴኮንድ ይቀጥል። በድንኳኑ ውስጥ የመጀመሪያው ሰው የሚናገረው ያኔ ነው፤ ያን ጊዜ የሥራችሁን ስምና ስልክ ቁጥር አታውጡበት።

የፎቶና የቪዲዮ ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን