ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል

ገላን፣ ጥር 14 ቀን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

እንደምን ከረማችሁ? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩት ከልቤ ወጥተህ አይደለም፤ ይቅር በለኝ። ልጆቹን ይዘህ ባቱ ወርደህ ደንበል (ዝዋይ) ሐይቅ ላይ ታንኳ ልትቀዝፍ ማሰብህን ስሰማ ግን ብዕር አነሳሁ።

ቅርብ ነው ብለህ የአባ ሳሙኤልን ግድብ እንዳታስብ። የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዞ የሚገባው እዚያ ነው። ለገዳዲና ገፈርሳም የመጠጥ ውሃ ግድቦች ናቸው። ደንበል ይሻላል፤ ግን ሰዓቱን አጥብቀህ ያዝ። ከልጅ ጋር የሚቀዘፈው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ መገኘት የለባችሁም። ቀትር ሲቃረብ ደግሞ ነፋስ ይነሳል። ሐይቁ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ታንኳ ውስጥ የሚገባውም እንዲህ ያለው ነው። ሦስተኛው ምክንያት ቢልሃርዝያ ነው፤ ትሉ ከውሃው በቆዳ በኩል ይገባል። ትሉ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ስትበረታ፣ ቀትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ከቱሉ ዲምቱ በሌሊት ከመነሳት በዋዜማው ወርዳችሁ ባቱ እደሩ። እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ታንኳ ላይ አይረጋም።

ሥዕል ላይ እንዳየኸው ቆሞ በረጅም እንጨት መግፋት ይቻላል ወይ ብለሃል። ያ የቦትስዋናው ኦካቫንጎ ነው። ሞኮሮ በሚሉት ታንኳ ላይ ገፊው ከኋላ ቆሞ ከውሃው ስር ያለውን መሬት በእንጨቱ እየገፋ ይሄዳል፤ የሚያስችለው መሬቱ የካላሃሪ አሸዋ መሆኑ ነው። የደንበል ዳር ጭቃ ነው፤ እንጨቱ ይሰምጥና አልነቀል ይላል፣ ታንኳው ሲሄድ አንተ እንጨቱ ላይ ትቀራለህ። ተቀምጠህ በመቅዘፊያ ቅዘፍ።

አጫጫኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንተ ከኋላ ሆነህ አቅጣጫ ያዝ፣ ባለቤትህ ከፊት፣ ሁለቱ ልጆች መሐል ወለሉ ላይ ይቀመጡ፤ ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ አይሆንም። ተጭናችሁ ስታበቁ ከውሃው እስከ ታንኳው ጠርዝ ቢያንስ 15 ሳንቲ መትረፍ አለበት፤ ካነሰ ዕቃ አውርድ። ፊቱ ከከበደ ታንኳው ወደ ጎን እየዞረ ያስቸግርሃል፣ ቦርሳውን ወደ ኋላ ሳበው። ከታንኳ ላይ ሰው የሚወድቀው በአብዛኛው በነፋስ አይደለም፤ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ሲያዩ ሁሉም በአንድ ጎን ስለሚያጋድሉ ነው። «አንገት ይዙር እንጂ ወገብ አይዙር» ብለህ ከመነሳትህ በፊት አስለምዳቸው።

ላይፍ ጃኬቱን በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ምረጥ። አጥብቀህ ካሰርከው በኋላ በትከሻው በኩል ይዘህ ልጁን ወደ ላይ ሳበው፤ ጃኬቱ አገጭና ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፍቶታል ማለት ነው። ለትንሹ በእግሮቹ መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሁን። ከታች የተቆረጠ የ5 ሊትር ጀሪካን በገመድ አስረህ ያዝ፣ ውሃ መጨለፊያ ይሆንሃል። ቢገለበጥ ማንም ወደ ዳር አይዋኝ፤ ሁሉም ታንኳውን ይያዝ፣ ከዚያ በስም ጥራቸው። ይህን አስቀድማችሁ ጉማሬ በሌለበት በቢሾፍቱው ባቦጋያ ሐይቅ ተለማመዱት።

ከፊላውና ከደንገሉ ዳር ዳር ሂድ፣ ማዕበሉ እዚያ ይደክማል። ግን ዳሩን እያስተዋልክ መሆን አለበት። ፊላው መሐል አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክፍተት፣ ጭቃው የተደቀደቀ፣ ግራና ቀኙ ሣር ላይ ፋንድያ የተረጨበት ካየህ የጉማሬ በር ነው፤ ፋንድያውን በጭራው እያራገበ ስለሚጥል እንዲያ ይረጫል። አትግባበት፣ ፊት ለፊቱም አትቁም፤ ሰፋ አድርገህ ዙረው። እየሄድክ በመቅዘፊያው እጀታ የታንኳውን ጎን ኳ ኳ አድርግ፣ ድምፅ ሲሰማ ብቅ ብሎ ያለበትን ያሳይሃል። ካየኸው 100 ሜትር ራቅ፤ በእሱና በጥልቁ ውሃ መሐል ግን በፍጹም አትግባ። ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል መቆየት ስለሚችል ጠለቀ ማለት ሄደ ማለት አይደለም።

የአካባቢው ዓሣ አስጋሪ በሌላ ጀልባ ፊት ፊታችሁ ቢሄድ ገንዘቡ አይቆጭህ፤ መረቡ የት እንደተዘረጋ የሚያውቀው እሱ ነው። በላስቲክ ጠርሙስ የተንሳፈፈ መረብ መቅዘፊያህን ከያዘው አትጎትት፣ አትቁረጥም፤ ወደ ኋላ ቅዘፍና አላቀው፣ የሰው እንጀራ ነው።

ልጆቹ ዳሩ ላይ በባዶ እግር እንዳይገቡ፣ ከወደቡ ተሸክመህ አሳፍራቸው። ውሃ ከነካቸውም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይተህ ሰገራቸውን ለቢልሃርዝያ አስመርምር። ወዲያው ብታስመረምር ምንም አይታይም። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ያድናል፣ ሐኪሙ በኪሎአቸው ይሰጣቸዋል።

የሁለቱንም ኪሎ ጻፍልኝ፤ ላይፍ ጃኬቱን ቢሾፍቱ ሄጄ እኔ አስመርጥልሃለሁ።

ወንድምህ