በጓንግዡ ለምሳ ለምን ኑድል ቤት እንደምንወስዳችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ዘንድሮ ከእኛ ጋር ደቡብ ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ መጥታችሁ ዕቃ ከገዛችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ ስለ ምሳው ጠይቃችሁናል። «ለምን ሁልጊዜ ያቺ ትንሽ ኑድል ቤት?» ነው ጥያቄው። አንዳንዶቻችሁ በትሕትና፣ አንዳንዶቻችሁ ቅር ብሏችሁ። ቀድመን ልንነግራችሁ ይገባን ነበር። ስላልነገርናችሁ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

መጀመሪያ ስለ ገንዘብ። ቤቱ ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። ምሳው በአገልግሎት ክፍያችን ውስጥ ስለሚታሰብ «ለራሳቸው ሊቆጥቡ ነው» ብትሉ አንፈርድባችሁም። የወሰድናችሁ ግን በአሳማ ምክንያት ነው። ጓንግዡ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ያልነካው ምግብ ማግኘት አድካሚ ነው። ጎመን ብቻ ያዘዘ ሰው እንኳ በአሳማ ስብ የተጠበሰ ሊቀርብለት ይችላል። ሙስሊም ደንበኞቻችንም ኦርቶዶክሶቹም አሳማ አይበሉም። በሩ ላይ «ቺንግዠን» (ሐላል ማለት ነው) የሚል የቻይንኛ ጽሑፍ ያለበት ቤት ስንገባ ይህ ጭንቀት ይቀራል።

ምግቡ፣ በበሬ መረቅ የሚቀርበው በእጅ የተሳበ ኑድል፣ የጓንግዡ አይደለም። የመጣው ከሩቅ፣ ከሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ ቢጫ ወንዝ መሐሏን ከሚያቋርጣት ከላንዡ ከተማ ነው። ላንዡ የጋንሱ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። እዚያ ሁዊ የሚባሉ ቻይናውያን ሙስሊሞች በብዛት ይኖራሉ። ማ ባኦዚ የተባለ የሁዊ ሰው በ1915 እ.ኤ.አ. ይህን ኑድል በትከሻው ተሸክሞ እየዞረ መሸጥ እንደጀመረ ይነገራል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቻይና መንግሥት አሠራሩን በአገር አቀፍ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው። ላንዡዎች የሚበሉት ጠዋት፣ ለቁርስ ነው። በሌሎች ከተሞች ካሉት ቤቶች ብዙዎቹን የሚያሠሩት ግን የጎረቤቱ የቺንግሃይ ክፍለ ሀገር ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ሊጡ። እኛ በየቀኑ እያየነው እንኳ አልሰለቸንም። ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨው፣ ሌላም አንድ ነገር ይገባበታል። ድሮ ያ ነገር ከአንድ የበረሃ ቁጥቋጦ አመድ ይወጣ ነበር፤ አሁን አብዛኛው ቤት በፋብሪካ የተዘጋጀውን ይጠቀማል። ሊጡ ሳይበጠስ እንዲለጠጥ የሚያደርገው፣ ትንሽ ቢጫ መልክም የሚሰጠው እሱ ነው። ሊጡ በደንብ ይታሻል፣ ያርፋል፣ ዘይት ይቀባል። ከዚያ ሠሪው እንደ ገመድ አድርጎ በሁለት እጁ ይስበዋል። ያጥፈዋል፣ እንደገና ይስበዋል። አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። ስምንተኛው እጥፋት ላይ 256 ክር ደርሷል። ይህ ሁሉ ዐይናችሁ እያየ፣ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነው። ሊጡ ጠረጴዛው ላይ «ጧ!» ሲል ከውጭ ይሰማል። እኛም ቤት የምንመርጠው በዚያ ድምፅ ነው። በማሽን የሚሠሩም አሉና፣ ሳቢው የማይታይበት ቤት አንገባም።

ሳህኑ ሲመጣ ላንዡዎች የሚቆጥሩለት አምስት ነገር አለ። አንድ፣ ጥርት ያለ መረቅ። ሁለት፣ ነጭ ራዲሽ። ሦስት፣ ቀይ የበርበሬ ዘይት። አራት፣ አረንጓዴ የድንብላልና የነጭ ሽንኩርት ቅጠል። አምስት፣ ቢጫ ኑድል። ሥጋው ስስ ነው፣ ትንሽም ነው። «ሥጋው የት አለ?» ላላችሁን፣ ጨምራችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ። የቤቱ ሙያ ያለው ግን መረቁ ላይ ነው። አጥንትና ሥጋ ከቅመም ጋር ለሰዓታት የተቀቀለበት ነው።

ከባዱ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። መረቁ የበሬ ስለሆነ፣ «ያለ ሥጋ» ብላችሁ ብታዙም የጾም አይሆንም። አንድ ጊዜ አንዲት እናታችን በዐቢይ ጾም መጥተው አስተርጓሚያችን «ሥጋ የለውም» ብሎ አቀረበላቸው። ሁለት ጊዜ ከጎረሱ በኋላ ገባቸው። ሳህኑን ገፋ አድርገው ዝም አሉ። ያ ዝምታ እስካሁን ያሳፍረናል። የሚያዝያው ካንቶን ፌር (የጓንግዡ ትልቁ የንግድ ትርዒት) ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም ነገሩ ተደጋግሞ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ለጿሚ በነዚሁ ቤቶች በስሱ ተቆርጦ የተጠበሰ ድንች በሩዝ እናዛለን፤ ሲገኝም «ሊያንግፒ» የሚባለውን በአቾቶና በበርበሬ የሚበላ ቀዝቃዛ ምግብ። መጥበሻው ግን ሥጋ ያለፈበት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳትሰሙ እንድትበሉ አንፈልግም።

የእርድም ነገር አለ። ሥጋው በሙስሊም የታረደ ነው። ለሙስሊም ደንበኞቻችን እፎይታ ነው። ክርስቲያን ሆናችሁ በሙስሊም የታረደ ሥጋ የማትበሉ እንዳላችሁም እናውቃለን። በዚህ ላይ እኛ ምክር አንሰጥም። የእኛ ድርሻ እውነቱን ቀድሞ መናገር ነው። የማትበሉ ከሆነ ዓሣ ወይም አትክልት የሚሠራ ሌላ ቤት እንወስዳችኋለን፤ ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የለም።

ለምትበሉት ደግሞ ጥቂት ነገር። ስታዙ የኑድሉን ውፍረት ይጠይቋችኋል። «ማኦሺ» እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ «ኩዋን» ሰፊ፣ «ዳኩዋን» እንደ ቀበቶ የሰፋ ነው። ፓስታ ለለመደ ሰው መካከለኛው «አርሺ» ይስማማል። በርበሬ የማትፈልጉ «ቡላ» በሉ። በቻይንኛ «አያቃጥልም» ማለት ነው፤ ከእኛው ቡላ ጋር ስለሚገጥም አትረሱትም። መረቅ ቢያንሳችሁ ብዙ ቤቶች በነፃ ይጨምራሉ። ሹካ ስለማይኖር እኛ በቦርሳችን እንይዛለን። የአልኮል መጠጥ ይዛችሁ አትግቡ፣ ቤቱን ማስቀየም ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ቶሎ ብሉት። አሥር ደቂቃ ከቆየ መረቁን መጥጦ ያብጣል፣ ያን ሁሉ የተደከመበትን ጥንካሬም ያጣል። ሱቅ ውስጥ ዋጋ እየተከራከራችሁ «ምሳውን እዚህ አምጡልን» ስትሉን እሺ የማንለው ለዚህ ነው።

ከአሁን በኋላ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በቴሌግራም ሦስት ነገር እንጠይቃችኋለን፦ ጾም ላይ ናችሁ ወይ፣ በእርድ በኩል የምትጠብቁት ነገር አለ ወይ፣ በርበሬ ይስማማችኋል ወይ። መልሳችሁን አስተርጓሚው ከእናንተ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ያነበዋል። ለጥቅምቱ ፌር የተመዘገባችሁ ጥያቄው በዚህ ሳምንት ይደርሳችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጓንግዡ ቢሮ ሠራተኞች