የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አንድ ጥቅል ፕላስተር

ዘንድሮ ክበባችን የተጠመደው በናኖቴክኖሎጂ፣ ማለትም እጅግ ጥቃቅን ቁሶችን በሚያጠናና በሚሠራ ዘርፍ ነው። ነገሩን የጀመረችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ቲቸር፣ ናኖቴክኖሎጂ መማር እፈልጋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የቱን ዲፓርትመንት ልምረጥ?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። «እስቲ በሚቀጥለው ሳምንት» ብዬ አመለጥኳት።

ከመጠኑ ጀመርን። ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ነው። ይህን ስል ማንም አልደነቀውም። የአንዲት ጸጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ሊደርስ እንደሚችል ስነግራቸው ግን ሁሉም እጁን ወደ ጸጉሩ ሰደደ።

የዓመቱ ምርጥ ቀን የፕላስተሩ ቀን ነበር። ግራፊን የአንድ አተም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ ነው። የፊዚክስ ሊቃውንቱ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ከግራፋይት (እርሳስ ውስጥ ካለው ጥቁር ማዕድን) የላጡት ወረቀት በሚለጠፍበት ተራ ፕላስተር ነው፤ በ2010 ኖቤል ተሸለሙበት። እኛም የእርሳስ ጫፍ ፕላስተር ላይ አሻሸን። ማጣጠፍ፣ ማላቀቅ፣ እንደገና ማጣጠፍ። ጥቁሩ በየዙሩ እየሳሳ ግራጫ ሆነ፤ በመጨረሻ ብርሃን አሳለፈ። ግራፊን አገኘን? እንጃ፣ ቢኖርም በእኛ ማይክሮስኮፕ አንለየውም። አንድ ጥቅል ፕላስተር ግን አልቋል፤ የሁለት ልጆች ሸሚዝም ጠቁሯል።

ወደ ጥያቄዋ ስንመለስ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ናኖቴክኖሎጂ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ብዙዎቹ ግን በማስተርስ ነው የሚሰጡት። መግቢያው ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ማቴሪያል ሳይንስ፣ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ወይም ባዮሎጂ ሊሆን ይችላል። ወርቅን ውሰዱ፤ በጥቂት አሥር ናኖሜትር መጠን ውሃ ውስጥ ሲበተን ቀይ ይሆናል። ለምን እንደሚቀላ ፊዚክስ ይናገራል፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ ኬሚስትሪ፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ባዮሎጂ።

የወላጆች ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው፤ «ሥራ አለው ወይ?» አለው፤ ስሙ ግን ናኖ ላይሆን ይችላል። የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ የሚፈልገው ፕሮሰስ ኢንጂነር (የምርት ሂደቱን የሚቆጣጠር መሐንዲስ) ነው። መድኃኒት አምራቹ ጋ መድኃኒቱን ሴል ድረስ የሚያደርሰውን ነገር የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል፤ የኮቪድ ኤምአርኤንኤ ክትባቶች (ለሴል የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ የሚያደርሱት) ሴል የገቡት በስብ ናኖ ቅንጣት ተጠቅልለው ነው። ባትሪና የውሃ ማጣሪያም አሉ። ምርምር ለሚመኝ ግን መንገዱ ረጅም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፒኤችዲ ይጠይቃል። ይህን ስናገር አንዳንዶች ፊታቸው ተለወጠ። ከመደበቅ ይሻላል ብዬ ነው።

ያቺ ተማሪ ኬሚስትሪ መርጣለች። የፕላስተሯን ቁራጭ ደብተሯ ላይ ለጥፋዋለች። እኔም ለመጪው ዓመት አምስት ጥቅል ጠይቄያለሁ።