«እህቴ፣ ላስቲኩ ከተነሳ ተሸጠ ማለት ነው» ላላችሁኝ የላፕቶፕ ሱቅ

ጉዳዩ፦ ማጠፊያው ስለተገነጠለው ላፕቶፕና ስለማይዘጋው ቦርሳ

ጤና ይስጥልኝ።

ከእናንተ የገዛሁት ላፕቶፕ ክዳኑ በግራ በኩል ከማጠፊያው ተገንጥሏል። ስደውል «የአያያዝ ችግር ነው» አላችሁኝ። ሱቅ ድረስ ስመጣም መልሱ ያው ሆነ። እንግዲያው በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ። የደረሰኙን ኮፒና ፎቶዎቹን አያይዣለሁ።

ከመክፈሌ በፊት ክዳኑን ከፍቼ ልየው ብያችሁ ነበር። ሻጩ የማሸጊያው ላስቲክ አይነሳም ብሎ እምቢ አለኝ። ምክንያቱን ርዕሱ ላይ ጽፌላችኋለሁ። ከዚያ ካርቶኑን አዙሮ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ የሃርድ ዲስኩን መጠን ያነብልኝ ጀመር። እኔ ማንበብ እችላለሁ እኮ! የጠየቅኩት ካርቶን ላይ የማይጻፈውን ነው። ራም ቢያንስ በብዙ ላፕቶፖች ላይ በኋላ ይጨመራል፣ ሃርድ ዲስክም ይቀየራል፤ ማጠፊያ ከሄደ ግን ክዳኑንም የስክሪኑን ጠርዝም ይዞ ነው የሚሄድ።

ማጠፊያ ለማየት ደግሞ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ክዳኑ ከመሃል፣ ከጥግ ሳይሆን ከመሃል፣ በአንድ ጣት ቀስ ተብሎ ይነሳል። ቀለል ያሉት ላፕቶፖች ትንሽ ብድግ ቢሉ ችግር የለውም፤ ታችኛውን ክፍል በሌላ እጅ ካልተጫኑት አልከፈት የሚል ከሆነ ግን ማጠፊያው ከልክ በላይ ጠንክሯል። ከዚያ ግማሽ ላይ ተከፍቶ ይለቀቃል። ባለበት ከቆመ ጥሩ ነው፣ በራሱ ከወረደ ልል ነው። ኪቦርዱን መታ መታ ሲያደርጉት ስክሪኑ መወዛወዙን ቶሎ ካላቆመ ታክሲ ውስጥ ጉልበት ላይ አድርጎ መሥራት አይታሰብም። ሲከፈትና ሲዘጋ በማጠፊያው በኩል ያሉት ሁለት ጥጎች ይታያሉ፦ ጠርዙ ይሰነጠቃል ወይ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው ወይ። የስክሪኑ ገመድም በማጠፊያው በኩል ስለሚያልፍ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ያኔውኑ ይታወቃል። ይኸው ነው። ይህን ለማየት የትኛው ላስቲክ ነው የሚከበረው?

የኔው ገና የገዛሁ ቀን ማታ ክዳኑን ሳነሳው ታችኛው ክፍል ተከትሎኝ ተነሳ። በነጋታው ደወልኩ። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲቆይ ይላላል» አላችሁኝ። ማጠፊያው አልላላም፤ ቀድሞ የተሸነፈው ፕላስቲኩ ነው።

እናንተ «አያያዝ» ካላችሁ በኋላ ጥገና ቤት ወስጄ አስከፈትኩት። የማጠፊያው ብረት አንዳች አልሆነም። የተነቀሉት ብሎኖቹ የሚታሰሩባቸው ትንንሽ የናስ ቀለበቶች ናቸው፤ ዙሪያቸውን የፕላስቲክ ፍርፋሪ እንደያዙ ከብሎኖቹ ጋር ተንጠልጥለዋል። ፎቶው ላይ በደንብ ይታያል። ማጠፊያው አልታጠፍ ሲል ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያች ስስ ፕላስቲክ ላይ ነው። ወድቆብኝ ቢሆን ኖሮ አንዱ ጥግ ይላጥ ወይ ይጎደጉድ ነበር። ውጩን በፈለጋችሁት መብራት እዩት፣ ጭረት እንኳን የለውም።

አሁን ወደ ቦርሳው። እሱን በስጦታ አልሰጣችሁኝም፣ ከፍዬበታለሁ። «15.6 ነው፣ ላፕቶፑም 15.6 ነው፣ ልክክ ይላል» ብላችሁ ሸጣችሁልኝ። 15.6 ኢንች ማለት የስክሪኑ ልኬት ነው፣ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ፤ ወደ 39.6 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ስለ ላፕቶፑ አካል ምንም አይናገርም። ጠርዙ ቀጭን የሆነው ላፕቶፕ 36 ሴንቲ አካባቢ ይሰፋል፣ እንደኔው ጠርዘ ወፍራም የሆነው ደግሞ ወደ 38 ይጠጋል። የቦርሳችሁ ውስጥ 37 አይሞላም። ዚፑ ጥጉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ በግድ ሲጎተት ደግሞ የክዳኑን ጠርዝ ይፍቃል። የቻርጀሩ ኪስም ያለው ልክ በክዳኑ በኩል ስለሆነ ቻርጀሩ ሲገባ ስክሪኑን ይጫነዋል። ሱቅ ውስጥ አንዴ አስገብቼ ዚፑን ብዘጋው ይህ ሁሉ ይታይ ነበር፤ እሱም «ላስቲኩ ይቆሽሻል» ተብሎ ተከለከለ። ላስቲኩን ነው ወይስ ላፕቶፑን ነው የምትሸጡት?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የዕቃውን ጥራት ስላየ ወይም ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም ይላል። ነካሽው ተገዛ የሚለው የእናንተ ሕግ ከየት እንደመጣ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የምፈልገው ይህ ነው። ላፕቶፑን ቀይሩልኝ ወይም ገንዘቤን መልሱ። በሙጫ አጣብቀን እንስጥሽ የሚለውን ሐሳባችሁን አልቀበልም፤ ማጠፊያው ያው ጠንካራ እስከሆነ ድረስ መልሶ ይገነጥለዋል። ቦርሳውን ውስጡ በሜትር ተለክቶ በሚሆነኝ ቀይሩልኝ፣ ከሌላችሁ የከፈልኩትን መልሱልኝ። ከየሞዴሉ ደግሞ አንድ አንድ ላስቲኩ የተነሳ ላፕቶፕ ለማሳያ ባንኮኒው ላይ አስቀምጡ፤ ሰው ከፍቶ ዘግቶ፣ ቦርሳ ውስጥ አስገብቶ አይቶ ይግዛ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ስልኬ ደረሰኙ ላይ አለ። በዚሁ ሳምንት ካልመለሳችሁልኝ ወረቀቶቼን ይዤ ወደ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ።