የድራማና ሥነ ጽሑፍ ክበብ፦ ዘንድሮ ከኦላምፕ ደ ጉዥ ጋር

"የአገራችን ጸሐፊ አልቆ ነው አንገቷን የተቀላች ፈረንሳዊት የምታስጠኗቸው?" ያሉኝ አሉ፣ ወላጆችም አሉበት፣ ስታፍ ሩም አብረውኝ ሻይ የሚጠጡም አሉበት። ይሄን ለነሱም ጭምር ነው የምጽፈው። የአገራችንን አምናም ካቻምናም ሠርተናል፣ ዘንድሮ ግን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የመረጧት፣ ስለ ፈረንሳይ አብዮት ሲማሩ አንዷ "የሰው መብት ሲሉ ሴቶቹ አሉበት?" ብላ ጠየቀች፣ በቃ ከዛ ተጀመረ።

ኦላምፕ ማሪ ጉዝ ተብላ እ.ኤ.አ በ1748 ሞንቶባን ተወለደች፣ በልጅነቷ ለማትወደው ሰው ዳሯት፣ ባሏ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፣ እሷም ልጇን ይዛ ፓሪስ ገባችና ስሟን ቀይራ ቲያትርና ልቦለድ መጻፍ ጀመረች። ባርነትን የሚቃወመው ቲያትሯ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የሚባለው የፓሪስ ቲያትር ቤት ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ በ1789 መጨረሻ ቢታይም ከቅኝ ግዛቶቹ የሚጠቀሙት ሰዎች ስለረበሹ ከሦስት ትርኢት በኋላ ወረደ። በ1791 የሴቶችን መብት መግለጫ ጻፈች፣ ሴት ለመገደል መድረክ ላይ መውጣት ከቻለች ለመናገርም መውጣት አለባት ያለችው እዛ ላይ ነው። ግን ደግሞ መግለጫውን ያበረከተችው ለንግሥቲቱ ነው፣ ንጉሡ ሲከሰስም ጥብቅና ልቁምለት ብላለች! እዚህ ጋ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ አብዮተኛ ናት ሲል ግማሹ የቤተ መንግሥት ሰው ናት አለ፣ እኔ ደስ ያለኝ እሱ ክርክር ነው። በ1793 ሕዝቡ የመንግሥቱን ዓይነት በድምፁ ይምረጥ የሚል ፖስተር አዘጋጅታ ታሰረች፣ ፍርድ ቤቱም ራስሽን መከላከል ትችያለሽ ብሎ ጠበቃ ከልክሏት በኖቬምበር 3 በጊሎቲን (አንገት በሚቀላው ማሽን) ተገደለች።

የረቡዕ ስብሰባዎቻችን ያው እንደሚታወቀው ናቸው፣ ሚና ማደል፣ የቀረ መፈለግ ምናምን።

አንዱን ልምምድ ግን አልረሳውም። ልጇ ፒየር ከሞቷ በኋላ እሱም እንዳይነካ ፈርቶ እናቱን በአደባባይ ክዷታል። ሚናው የደረሰው ልጅ ዝምተኛ ነው፣ ተራው ሲደርስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና "ቲቸር እኔ ይሄን አልልም" አለ። ማንም ምንም አላለም፣ ኦላምፕን የምትጫወተዋ ልጅ ግን ሞታ ከተኛችበት ወለል ቀና ብላ "በል ግዴለም፣ ፈርተህ እንደሆነ አውቃለሁ" አለችው። ስክሪፕቱ ላይ የለም እኮ! እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለው። ቃሏን እንዳለ ስክሪፕቱ ውስጥ አስገባናት።

የወላጆች ቀን ላይ መሀል ላይ መብራት ጠፋ፣ ማይኩማ ድሮም አይሠራም ነበር፣ ከኋላ የነበራችሁ ክሱን ሳትሰሙ ፍርዱን ብቻ አያችሁ። ለእግር ኳስ ክበብ ማልያ ሲገዛ ከልብ ደስ ብሎናል፣ እኛ ግን ጊሎቲኑን የሠራነው ጋሼ ዘበኛው አግዘውን ከተሰበረ ዴስክ ነው፣ የተሰበረ ዴስክ ደግሞ እኛ ትምህርት ቤት ሞልቷል።

የፈረንሳይ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ በ1944 ነው፣ ሐውልቷም ፓርላማቸው ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ በ2016 ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ያንን የተረበሸውን ቲያትሯን ለመሥራት አስበናል። የሚሠራ ማይክና መጋረጃ ያስፈልገናል፣ ቤቱ ያረጀ መጋረጃ ያለው ወላጅ ካለ ረቡዕ ከክፍል በኋላ ስታፍ ሩም ያገኘኛል፣ ቀለሙ ምንም ይሁን እንቀበላለን።