የድረ ገጽ ክበብ፦ ቀለበቱና ጉንዳኖቹ

በመጀመሪያው ስብሰባ "ዘንድሮ የየራሳችሁን ድረ ገጽ ትሠራላችሁ" ስል አንዷ አባል እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ማን ይፈቅድልናል?"

አልገረመኝም። ልጆቹ የለመዱት የሆነ ኩባንያ ቤት ገብቶ መለጠፍን ነው። መልሱ "ማንም" የሚል ነው። ቲም በርነርስ ሊ ድረ ገጾች የሚያያዙበትን የዌብን ሐሳብ ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ነበር። አንዱ ገጽ ወደ ሌላው በሊንክ ሲጠቁም ፈቃድ እንዳይጠይቅ አድርጎ ሠራው። ተቋሙም በ1993 ቴክኖሎጂውን ያለ ክፍያ ለሁሉም ለቀቀው። ልጅቷ ሰምታ ዝም አለች። በሳምንቱ የሥዕላዊ ታሪኳን የመጀመሪያ ክፍል ይዛ መጣች።

14 ሆነን ጀመርን፣ 11 ሆነን ጨረስን። ሦስቱ ወደ እግር ኳስ ሄዱ፤ አልተቀየምኩም። የመጀመሪያው መንፈቅ ድረ ገጽ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በኤችቲኤምኤል አለቀ። እሱን ልለፈው፣ ለማንበብም ያሰለቻል።

የገጾቹ ነገር ግን አይታለፍም። አንዱ የደመና ፎቶ ብቻ ሰበሰበ። ሌላው ስለ ጉንዳን ጻፈ፤ ስለ ጉንዳን ብቻ፣ ዘጠኝ ገጽ፣ ቢጫ ጽሑፍ በሐምራዊ ላይ። ዓይን ያማል። "ቀለሙን ቀይረው" ልለው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ገጹ የእሱ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ገጾቹን በቀለበት አያያዝናቸው። ዘዴው የ1990ዎቹ ነው። የፍለጋ ሞተሮች እንደ ዛሬው ሳይበረቱ፣ አንድ ነገር የሚወዱ ሰዎች እንዲህ ይገናኙ ነበር። በየገጹ ግርጌ "የቀደመው" እና "የሚቀጥለው" የሚሉ ሁለት ሊንኮች ይቀመጣሉ። እየተጫኑ ቢሄዱ ዞሮ ዞሮ ወደተነሱበት ነው። ታዲያ ቀለበቱ ውስጥ ለመግባት ሁለቱ ጎረቤቶች ሊንካቸውን መቀየር አለባቸው። ማናገር ግድ ነው። ባለ ደመናውና ባለ ጉንዳኑ አንድ ክፍል እየተማሩ አውርተው አያውቁም ነበር። አሁን አንዱ ያንዱን ጽሑፍ ገጹ ላይ ከመውጣቱ በፊት ያነብለታል።

ከዚያ አንድ የማናውቀው ሰው ለክበቡ ኢሜይል ላከ። "ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ፎቶ ጉንዳን አይደለም፣ ምስጥ ነው። ምስጥ ከጉንዳን ይልቅ ለበረሮ ይቀርባል።" ልጁ ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን ሲያጣራ ሰውየው ልክ ሆኖ ተገኘ። ፎቶውን ቀየረ፤ ግርጌው ላይም ምስጋና ጻፈ። መቶ ላይክ ቢያገኝ ይህን ያህል የሚያተጋው አይመስለኝም። አሁን ስለ ምስጥም ጀምሯል።

ቀለበቱ አንዴ ተበጥሶ ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። የፋይል ስሞችን ላስተካክል ብዬ የአንዱን የመጀመሪያ ፊደል በእንግሊዝኛው ትልቅ ፊደል ጻፍኩት። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ነው መሰል ልብ አላልኩም። እኛ ኮምፒውተር ላይ ምንም አልሆነም። ገጾቹ ያሉበት ሰርቨር፣ ማለትም ገጾቹን ለጎብኚ የሚያቀርበው ኮምፒውተር፣ ግን ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል። "404፣ ገጹ አልተገኘም" አለና ቀለበቱ ተበጠሰ። ሦስት ቀን ማንም አላወቀም። የደረሰበት በየቀኑ ቀለበቱን የሚዞረው ባለ ደመናው ነው።

ያኔ የጂኦሲቲስን ታሪክ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 ተጀምሮ ሰዎች የራሳቸውን ገጽ በነጻ የሠሩበት አገልግሎት ነበር። ባለቤቱ የኢንተርኔት ኩባንያ ያሁ በ2009 ሲዘጋው በሚሊዮን የሚቆጠር ገጽ አብሮ ወረደ። የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭና በጎ ፈቃደኞች የደረሱበትን ያህል ቀድተው አተረፉ። ልጆቹ ደነገጡ። በማግስቱ ሁሉም ፍላሽ ይዞ መጣ፤ አሁን የእያንዳንዱ ገጽ ቅጂ በሁለት ቦታ አለ።

ለሚመጣው ዓመት አዲስ አባል እንቀበላለን። ከባለ ጉንዳኑ ጎን አንድ ቦታ ክፍት ነው። ሐምራዊውን የሚችል ዓይን ያለው ይምጣ።